«ቆሽቴ አረረ» እንላለን

አማርኛችን ንዴትን በቆሽት ያስቀምጣል። ልጅ ያስቸገራት እናት «ቆሽቴን አሳረርከው» ትላለች። ቢሮ ለቢሮ ሲንከራተት የዋለ ባለጉዳይ ማታ ቤቱ ገብቶ «ቆሽቴ በግኖ መጣሁ» ይላል። ቆሽቱ የት እንዳለ ቢጠየቅ ግን አንዱ ሆዱን፣ ሌላው ደረቱን፣ ሦስተኛው ጎኑን ያሳያል። እኔም እስከ አርባ ዓመቴ ድረስ ከነዚሁ ሰዎች አንዱ ነበርሁ። ቆሽት ለእኔ የንግግር ማጣፈጫ እንጂ በሰው ሆድ ውስጥ ያለ፣ የሚያብጥ፣ የሚታመም፣ ሰው የሚገድል አካል አልነበረም።

ያስተማረኝ አጎቴ ነው። የተማርሁት ግን ዘግይቼ ነው። ይህን የምጽፈውም ስለ መዘግየቴ ነው።

ጋሼ ልብስ ሰፊ ነበር። እናቴ ስትሞት የስድስት ዓመት ልጅ ነበርሁና ከዚያ ወዲያ ያሳደገኝ እሱ ነው። መርካቶ ውስጥ፣ ሁለት ሰው ተጋፍቶ በሚቆምባት ሱቅ፣ በአንዲት ጥቁር ሲንጀር መኪና እኔንና ሁለት ልጆቹን አስተምሯል። ልብስ ሲያመጡለት መጀመሪያ ፊቱን አያይም፤ ገልብጦ ገበሩን ያያል። «ልብስ የሚዋሸው በፊቱ ነው፤ ገበር አይዋሽም» ይል ነበር። ይህን አባባሉን ልጅ ሳለሁ የሰማሁት ስለ ልብስ ብቻ የተናገረው መስሎኝ ነው።

ሕመሙ የጀመረው በ2006 ዓ.ም. ነው። ከእምብርቱ በላይ ይነሳና ወደ ጀርባው ይወጋዋል። ጋደም ሲል ይብስበታል፤ ወደ ፊት ጎንበስ ሲል ግን ቀለል ይለዋል። ጎንበስ ብሎ የሚውልበት ቦታ ደግሞ ሌላ የትም ሳይሆን የስፌት መኪናው ነው። ስለዚህ ሕመሙ በጠናበት ቁጥር አብልጦ ይሠራ ጀመር። ሌሊት ተነስቶ ሲሰፋ እንሰማውና «አይ ጋሼ! ጉልበቱ አይጣል ነው» እንባባላለን። ለካስ ያ ጉልበት ሳይሆን ሕመም ኖሯል። የቆሽት ሕመም ሰውን ጎንበስ እንደሚያደርገው ያወቅሁት በኋላ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ የሆድ ሕመም ሁሉ ስሙ አንድ ነው፤ ጨጓራ። ጋሼም ጨጓራ ተባለ። በርበሬ ተወ፣ ቡና ቀነሰ፣ ተልባ በጥብጦ ጠጣ፣ ከፋርማሲ የሚገዛውንም ኪኒን ዋጠ። በ2007 ዓ.ም. ስኳር ተገኘበት። በቤተሰባችን ስኳር ያለበት ሰው አልነበረም፤ ቢሆንም «ዕድሜ ነው» አልን። ከሳ፤ «ስኳሩ ነው» አልን። ሰገራው ቅባት እየመሰለ ውሃ ላይ ይንሳፈፍ እንደነበር ለእትዬ፣ ለሚስቱ ነግሯታል። እሷ ደግሞ አፍራ ለማንም አልተናገረችም። ሦስቱም ምልክቶች ከአንድ ቤት የወጡ መሆናቸውን ከመካከላችን የጠረጠረ አልነበረም።

ኅዳር 2008 ዓ.ም. ላይ በአልትራሳውንድ ሲታይ «ከጨጓራቸው ጀርባ ውሃ የቋጠረ ነገር አለ» ተባለና ወደ ሲቲ ስካን ተላክን። ውጤቱን የተቀበልሁት እኔ ነኝ። ትልቁን ካኪ ፖስታ ሐኪሙ ክፍል ሳልደርስ በረንዳ ላይ ቦጭቄ ከፈትሁት። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን አነበብሁና ምንም ሳልረዳ መልሼ ከተትሁት። ጋሼን ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጬ ብቻዬን ገባሁ።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ፖስታውን ገለበጠና ከጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ሳለልኝ። ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ ተጋድሞ የሚገኝ፣ ርዝመቱ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ክብደቱ 100 ግራም እንኳ የማይሞላ አካል ነው። ራሱን ዱዎደነም የሚሉት የትንሹ አንጀት መነሻ እንደ ክንድ አቅፎታል። ጅራቱ ወደ ጣፊያ ይደርሳል። የሐሞት ቱቦም በራሱ በኩል ሰንጥቆ ያልፋል። በመካከሉ ደግሞ ከጅራት እስከ ራስ አንድ ዋና ቱቦ አለ። ይህን ቱቦ እ.ኤ.አ. በ1642 ፓዱዋ ከተማ ውስጥ በሞት የተቀጣ ሰው ሬሳ ሲመረምር ያገኘው ቪርሱንግ የተባለ ጀርመናዊ ነው። ባገኘው በዓመቱ እሱም በሰው እጅ ተገደለ። ቱቦው ግን ዛሬም በስሙ ይጠራል።

ቆሽት ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ኢንሱሊን ወደ ደም መላክ ነው፤ ይህ ሲጓደል ስኳር ይመጣል። ሁለተኛው በቀን ከአንድ ሊትር በላይ የሚሆን ፈሳሽ ወደ አንጀት ማፍሰስ ነው። ሥጋውን፣ ጮማውን፣ እንጀራውን የሚፈጨው ይህ ፈሳሽ ነው። ሲጓደል ቅባቱ ሳይፈጭ በሰገራ ይወጣል። ፈሳሹ ጊዜውን ሳይጠብቅ እዚያው ቆሽት ውስጥ ሥራውን ከጀመረ ደግሞ የሚፈጨው ቆሽቱን ራሱን ነው። አማርኛችን ሳያውቅ እውነት ተናግሯል ማለት ነው። ቆሽት በእርግጥ ያርራል።

«እና ይሄ የቋጠረው ነገር ምንድን ነው?» አልሁት።

በቆሽት ላይ የሚገኝ ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት ሁሉ አንድ እንዳልሆነ ነገረኝ። አንዳንዱ ዕጢ ሳይሆን ቆሽት ተቆጥቶ ሲበርድ ትቶት የሚሄደው የጠባሳ ከረጢት ነው። አንዳንዱ ቀጭን ውሃ የቋጠረ ዕጢ ነው፤ ይህ ብዙውን ጊዜ አይጎዳም። አንዳንዱ ዝልግልግ ፈሳሽ የሚቋጥርና በአብዛኛው በጎልማሳ ሴቶች ላይ፣ በቆሽቱ ወገብና ጅራት የሚወጣ ነው። ሌላው ደግሞ በቱቦው ግድግዳ ላይ እንደ ጥቃቅን ጣት እየበቀለ ዝልግልጉን እዚያው ቱቦ ውስጥ የሚያመነጭ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎችን የሚይዝ ነው። የጋሼ ይህ የመጨረሻው ዓይነት ነበር። ይህን ሕመም እ.ኤ.አ. በ1982 ለይተው የጻፉት ኦሃሺ የተባሉት ጃፓናዊ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ1996 መዝግቦታል። ሐኪሞች መሣሪያ አስገብተው ሲያዩ፣ የቱቦው መውጫ ዝልግልግ እየተፋ እንደ ዓሣ አፍ ተከፍቶ ይገኛል ይባላል።

«ተልባ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው ያውቃሉ?» አለኝ ሐኪሙ። «እንደዚያ ነው። ጠብታውን በሁለት ጣት መካከል ይዘው ቢለያዩት ይሳባል እንጂ አይበጠስም። ቱቦው ለቀጭን ፈሳሽ የተሠራ ነው። ተልባ ሲሞላበት ይወጠራል። የእርሳቸው ዋና ቱቦ መስፋት ከሚገባው በላይ ሰፍቷል። ከ10 ሚሊ ሜትር አልፏል።»

«ካንሰር ነው?»

«ነው አልልም፤ አይደለም ብዬም አልሸኝዎትም። ትንንሾቹን እየተከታተልን ዓመታት እናቆያቸዋለን፤ ብዙዎቹ ምንም አያመጡም። ዋናው ቱቦ እንዲህ ሲሰፋ ግን ወይ ካንሰር አለ ወይ ሊመጣ ነው ብለን እንፈራለን። ቀዶ ሐኪም ይያቸው።» ወረቀት ጻፈልኝ። ከዚያም «እኔ ልንገራቸው ወይስ እርስዎ ይነግሯቸዋል?» ሲል ጠየቀኝ።

«እኔ እነግረዋለሁ» አልሁ።

ወጣሁ። ጋሼ አግዳሚው ላይ ጎንበስ ብሎ ተቀምጧል። «እህስ?» አለኝ። «ጨጓራህ ነው፤ ትንሽ ቆስሏል» አልሁት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ዘጠኝ ወር ዋሸሁ።

ብቻዬን አልዋሸሁም። በዚያው ሳምንት እሱ ሱቁ እያለ ዘመድ ተሰበሰበ። እትዬ፣ የእሷ ወንድሞች፣ የጋሼ ታላቅ ልጅ፣ የንስሐ አባቱም ነበሩ። ካንሰር የሚለውን ቃል የደፈረ የለም። «ያ በሽታ» ነው የተባለው። «ያ በሽታ ቢላ ከነካው ይዛመታል» አለ አንዱ። «ቢሰማ በድንጋጤ ይሞትብናል» አለች እትዬ። ጂዳ የምትሠራው ሴት ልጁ በስልክ «እኔ ልምጣ» ብላ አለቀሰች። «ድንገት ብትመጪ ይጠረጥራል» ብለን ከለከልናት። የተቃወሙን የንስሐ አባቱ ብቻ ናቸው። «ሰው መንገደኛ መሆኑን ካላወቀ ስንቁን አይሰንቅም» አሉ። አከበርናቸው፤ አልሰማናቸውም።

ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። እኛ ለመርዶ ሥርዓት ያለን ሰዎች ነን። የሞተበትን ሰው ማን እንደሚያረዳው፣ በስንት ሰዓት እንደሚረዳ፣ ማን ከጎኑ ሆኖ እንደሚደግፈው ሳይቀር እናውቃለን። ለሞት የደነገግነውን ያህል ለሕመም አልደነገግንም። በሕይወት ላለ ሰው ስለ ራሱ ሰውነት የሚነገርበት ሰዓት፣ የሚነግረውም ሽማግሌ የለንም። ሥርዓት ሲጠፋ ሰው ወደሚቀለው ይሄዳል። የሚቀለው ደግሞ ጨጓራ ማለት ነው። ፍቅር ነው ብለን ነበር። አሁን ሳየው ግማሹ ፍቅር፣ ግማሹ ፍርሃት ነው። ያውም የራሳችን ፍርሃት።

ፖስታውን ቁም ሳጥን ላይ፣ ከአሮጌ ብርድ ልብስ ሥር ደበቅሁት። የቀዶ ሐኪሙም ወረቀት አብሮ ገባ።

ከዚያ መጋቢት መጣ። ዐቢይ ጾም ነው። አንድ ሌሊት ጋሼ ሲያቃስት አመሸና ከንጋቱ በፊት ዝም አለ። ደንግጠን ገባን። ጀርባው ላይ ተንጋሎ ተኝቷል። ከሁለት ዓመት ወዲህ ተንጋሎ ሲተኛ አይተነው አናውቅም። «ተወኝ» አለ። «እንደ መብረቅ መጥቶ እንደ መብረቅ ሄደ።» በማግስቱም፣ በሳልስቱም አላመመውም። ሽሮ በላ፤ ተኛ፤ ቀለደ። እትዬ እልል አለች። መጋቢት 27 የመድኃኔዓለም ዕለት ዝክር ተዘከረ። ጠላ ተጠመቀ፣ ዳቦ ተደፋ፣ ጎረቤት ተጠራ። እኔም አብሬ ጠጣሁ። ጨጓራ ብለን የዋሸነው ውሸት እውነት ሊሆንልን ነው ብዬ ተደሰትሁ። ሐኪሙ ዘንድ ተመልሼ «ሕመሙ ድንገት ጠፋ፤ ምን ማለት ነው?» ብሎ መጠየቅ በጭራሽ አልመጣልኝም። ደስታን ማን ይመረምራል?

ነሐሴ ላይ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ጀመረው። ዓይኑ ቢጫ ሆነ፤ ሽንቱ ጠላ መሰለ። «የወፍ በሽታ ነው» ተባለና የወፍ መድኃኒት የሚሰጡ ሰው ዘንድ ሊወስዱት ሲሰናዱ እኔ አሻፈረኝ አልሁ። ወደ ሌላ ሆስፒታል ወሰድሁት። እዚያ ያገኘናቸው በዕድሜ የገፉ የሆድ ዕቃ ሐኪም የቀድሞውን ፊልም አምጡ አሉ። አዲስ ሲቲም ተነሣ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሰቅለው አዩ። በአዲሱ ፊልም ላይ ከረጢቱ ተሟሟል፤ በውስጡም ጥቁር ነጠብጣብ ይታያል። «ይሄ አየር ነው» አሉ። «ቆሽት ውስጥ አየር ምን ይሠራል? ከአንጀት መንገድ ካልተከፈተለት በቀር አይገባም።» በአፉ በኩል ቀጭን ካሜራ አስገብተው ሲያዩ ከዱዎደነም ግድግዳ ላይ መኖር የማይገባው ቀዳዳ አገኙ። ከቀዳዳው ዝልግልግ ይፈስሳል። «ፊስቱላ» አሉ።

ይህ ቃል ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን የተባሉት ባልና ሚስት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በ1974 በአዲስ አበባ ባቋቋሙት ሆስፒታል የተነሣ፣ ፊስቱላ ስንል በምጥ የተጎዱ እናቶቻችንን እናስባለን። እኔም «ይህ የሴቶች ሕመም አይደለም እንዴ?» አልኋቸው። ሳይስቁብኝ አስረዱኝ። ቃሉ የላቲን ነው። ቱቦ፣ ሸንበቆ፣ እረኛ የሚነፋው ዋሽንት ማለት ነው። ሁለት የማይገናኙ ቤቶችን የሚያገናኝ ያልተፈቀደ ቀዳዳ ሁሉ ፊስቱላ ይባላል።

በጋሼ ላይ የሆነው እንዲህ ነው። ዝልግልጉ መውጫ አጥቶ ከረጢቱን ወጠረው። የተወጠረው ከረጢት ጎረቤቱን ዱዎደነምን እየተጫነ፣ ግድግዳውን እያሳሳ ቆየና በዚያች በመጋቢት ሌሊት በሳው። ዝልግልጉ ወደ አንጀት ፈሰሰ፤ ውጥረቱ ረገበ፤ ሕመሙም ጠፋ። እኛ የዘከርነው ለዚህ ነው። ከዚያ ሁለተኛ ቀዳዳ ወደ ሐሞት ቱቦ ተከፈተ። ተልባው የሐሞቱን መንገድ ዘጋው፤ ዓይኑ ቢጫ የሆነውም፣ ትኩሳቱም የመጣው ከዚያ ነው። እንዲህ ያሉ ዕጢዎች ብዙውን ጊዜ ወደ ዱዎደነም፣ አንዳንዴም ወደ ሐሞት ቱቦ ወይም ወደ ጨጓራ፣ አልፎ አልፎም ወደ ትልቁ አንጀት እንደሚቀድዱ ሐኪሙ ነገሩኝ። «ቀዳዳው ብቻውን ፍርድ አይደለም» አሉኝ። «አንዳንዱ ካንሰር በልቶት ይበሳል፤ አንዳንዱ ደግሞ ካንሰር ሳይሆን ግፊት ብቻ ይበሳዋል። የትኛው እንደሆነ የምናውቀው አውጥተን ስናየው ነው።»

በዚያ ሰሞን ስለ ፊስቱላ ያገኘሁትን ሁሉ አነብብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1822 ማኪናክ በምትባል የሰሜን አሜሪካ ደሴት አሌክሲስ ሴንት ማርቲን የተባለ ወጣት በድንገት በተተኮሰ ጥይት ሆዱን ተመታ። ቁስሉ ዳነ፤ ቀዳዳው ግን አልገጠመም። ጨጓራው ወደ ውጭ ተከፍቶ ቀረ። ያከመው የጦር ሐኪም ዊሊያም ቦሞንት በሐር ክር ያሰረውን ምግብ በዚያ ቀዳዳ እያስገባና እያወጣ፣ ጨጓራ ምግብን እንዴት እንደሚፈጭ መረመረ። መጽሐፉንም በ1833 አሳተመ። ሕክምና ስለ ጨጓራ ካወቀው ብዙው የታየው በዚያች የማትዘጋ ቀዳዳ ነው። ባለቀዳዳው ሰው ደግሞ ቀዳዳውን እንደያዘ እስከ 1880 ኖረ። ይህን ሳነብ ያሰብሁት ስለ ጋሼ ነው። የእሱም ቀዳዳ የሚነግረን ነገር ነበረው። እኛ ግን አላየንበትም።

ወደ ፖስታው ልመለስ። ሐኪሙ የቀድሞውን ፊልም አምጣ ባሉኝ ቀን ቁም ሳጥኑ ላይ ወጥቼ ብርድ ልብሱን አነሣሁ። ፖስታው እዚያው አለ። ግን እኔ የቦጨቅሁት ጫፉ ተሰፍቷል። በነጭ ክር፣ በደቃቅ የእጅ ስፌት፣ ከጥግ እስከ ጥግ። ያን ስፌት ከሺህ ስፌት መካከል እለየዋለሁ። በእንዲህ ያለው ስፌት የተጠቀመ ሱሪ ለብሼ ነው ትምህርት ቤት የሄድሁት።

በጉልበቴ ላይ ይዤው ከአልጋው አጠገብ ተቀመጥሁ። ምን እንደምል አጣሁ። የጀመረው እሱ ነው።

«ከታኅሣሥ ጀምሮ አውቃለሁ» አለኝ። «ብርድ ልብስ ሳወርድ አገኘሁት። አንድ ደንበኛዬ ጤና መኮንን ነው፤ አነበበልኝ።»

«ለምን አልነገርከንም ጋሼ?»

«አንተ ትነግረኛለህ ብዬ ጠበቅሁ። ሳትነግረኝ ስትቀር፣ መናገር ከብዶት ነው ብዬ አዘንሁልህ። እናንተ እንዳላውቅ ደከማችሁ፤ እኔም የማላውቅ መስዬ ደከምሁ።» ትንሽ ዝም አለና ቀጠለ። «በመጋቢት ሕመሙ ሲተወኝ እናንተ ዘከራችሁ። እኔ አንድ ነገር አውቃለሁ። ጠባብ ሱሪ በአንድ ሌሊት አይሰፋም። ድንገት ከለቀቀ ስፌቱ ተተርትሯል።»

አለቀስሁ። እሱ አላለቀሰም። «በል ለሐኪሙ ንገረው፤ ከእንግዲህ የሚነግረኝን ለእኔ ይንገረኝ» አለ።

በማግስቱ ሐኪሙ አልጋው ዳር ተቀምጠው «አባቴ፣ ሁሉን ነገር ልንገርዎ?» አሉት። «ምንም ሳያስቀሩ» አላቸው። ነገሩት። የሚያስፈልገው ቀዶ ሕክምና ዊፕል የሚባለው ነው። ስሙን ያገኘው ኒው ዮርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1935 ስለዚሁ ቀዶ ሕክምና ከጻፈው ከአለን ዊፕል ነው። የቆሽቱ ራስ፣ ዱዎደነም፣ የሐሞት ከረጢትና የሐሞት ቱቦው ታችኛ ክፍል አንድ ላይ ይወጣሉ። ከዚያ ከታች ያለውን አንጀት ስበው በሦስት ቦታ ይሰፉታል። አንዱ ከቀረው ቆሽት ጋር፣ አንዱ ከሐሞት ቱቦ ጋር፣ አንዱ ከጨጓራ ጋር። ጋሼ በጥሞና ሰማ። ከዚያ ሐኪሙን ያስገረመ ጥያቄ ጠየቀ። «ከሦስቱ ስፌት የሚያስፈራችሁ የትኛው ነው?»

«የቆሽቱ» አሉት። «ጨርቁ ስስ ነው፤ ክር ይቆርጠዋል። ከላላ ፈሳሹ ይንጠባጠባል። ያንንም ፊስቱላ እንለዋለን።»

«ስስ ጨርቅ ሲሆን ክሩን አጥብቆ መሳብ አይገባም» አላቸው። ሐኪሙ እውነትዎን ነው ብለው ሳቁ። ትኩሳቱ እስኪበርድለትና የሐሞቱ መንገድ እስኪከፈት ጥቂት ሳምንት ቆየና መስከረም 2009 ዓ.ም. ተሠራለት። ስፌቱ ያዘ።

የወጣው ሥጋ ውጤት ሲመጣ እንዲህ ሆነ። በቀዳዳዎቹ ዙሪያ ካንሰር አልተገኘም፤ የበሳቸው ግፊት ብቻ ነው። በከረጢቱ ውስጥ በአንድ ስፍራ ግን ዕጢው ወደ ካንሰርነት ተለውጧል። አጠገቡ ካሉት የንፍፊት ዕጢዎች በአንዱም ገብቷል። ሐኪሙን ለብቻቸው ጠበቅኋቸውና የማልጠይቀውን ጠየቅሁ። «በኅዳር ብናመጣው ኖሮስ?»

«ያን ጊዜ ገብቶ ይሁን አይሁን ማወቅ አይቻልም» አሉኝ። ሊያጽናኑኝ ይሁን እውነቱን፣ ሁለቱንም ይመስለኛል። ያ ዘጠኝ ወር ምን እንደወሰደብን አላውቅም። ምንም አልወሰደም ሊሆን ይችላል። ሁሉንም ወስዶ ሊሆንም ይችላል። ይህን አለማወቅ ይዤው እኖራለሁ።

የወሰደብንን አንድ ነገር ግን አውቃለሁ። ያውቅ በነበረበት፣ እኛም በምናውቅበት ዘጠኝ ወር አንድ ቀን እንኳ አብረን አላወቅንም። በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ብቸኝነት አሳደርን።

ጋሼ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ 19 ወር ኖረ። የካንሰር መድኃኒት ወሰደ። ከምግብ ጋር የሚዋጥ የቆሽት ኪኒን ሲጀምር ሰገራው ተስተካከለ፣ ትንሽ ሥጋም አበጀ። ልጁ ለገና ከጂዳ መጣችና ሁለት ወር ተቀመጠች። የደንበኞቹን ጨርቅ አንድ በአንድ እየሰፋ አስረከበ። መስፋት ያቃተውን ከነጨርቁ ከይቅርታ ጋር መለሰ። ዕዳውን ከፈለ፤ ያበደረውን ለአንዳንዱ ተወ፤ ተናዘዘ፤ ከእትዬም ጋር የቆየ ቅሬታቸውን ፈቱ። የንስሐ አባቱ ስንቅ ያሉት ይህን ነበር። በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. ቤቱ፣ አልጋው ላይ ዐረፈ። የሚረዳ ሰው አልነበረም፤ ሁላችንም አጠገቡ ነበርን።

ይህን ሳነብብ የሆዱ ሕመም ትዝ የሚለው አንባቢ አይደንግጥ። በቆሽት ላይ የሚገኝ ከረጢት ሁሉ ካንሰር አይደለም፤ ዛሬ በሲቲና በኤምአርአይ ለሌላ ጉዳይ ሲነሡ በአጋጣሚ የሚገኝባቸው ብዙዎች ናቸው፤ አብዛኛው ክትትል ብቻ ነው የሚሻው። ነገር ግን ወደ ጀርባ የሚወጋ የማይተው ሕመም፣ በቤተሰብ የሌለ በጎልማሳነት የመጣ ስኳር፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ቅባት የመሰለ ሰገራ፣ ቢጫ ዓይን፣ እነዚህን ጨጓራ ብሎ ማለፍ አይገባም። ድንገት የጠፋ ሕመምንም ቢሆን አመስግኖ ሐኪም መጠየቅ ነው። ዝክሩም ይዘከር፤ ጥያቄውም ይጠየቅ።

ፖስታው አሁንም እኔ ዘንድ አለ። ክሩን አልፈታሁትም። ፊልሞቹን ያወጣሁት በሌላው ጎን ከፍቼ ነው።

ሰው «ቆሽቴ አረረ» ሲለኝ ድሮ «ማን አናደደህ?» እል ነበር። ዛሬ «የት ጋ ነው?» እላለሁ። ይስቁብኛል። ይሳቁ።